ከፎቶው የወረደው ሰው

ጃንጥላ የያዘው ሰው አሁንም ከኋላዋ ነው።

ደጊቱ አልዞረችም። በአሶሳ ገበያ መሐል ጭቃውን እየመረጠች፣ ካሜራዋን ደረቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ ዝግ ብላ ተራመደች። የሚቸኩል ሰው ዓይን ይስባል። የሚገላመጥ ሰው ይያዛል። ይህን ያስተማሯት ከድንበሩ ማዶ፣ ከኩርሙክ ወዲያ ባለ የሣር ጎጆ ውስጥ ነበር።

ዝንጅብል ከዘረጉት ሴቶች ፊት ቆመችና አንዷን ፎቶ አነሣች። ከሴቶቹ ጀርባ ያለው የሻይ ቤት መስኮት ሰውየውን ያሳያታል። ዝናቡ ካባራ ቆይቷል፤ እሱ ግን ጃንጥላውን እንደዘረጋ ነው።

ጀማሪ ነው። ጀማሪ ደግሞ ከአዋቂ ይብሳል። ደንግጦ ይተኩሳል።

የሸመል ክምር ወደሚሸጥበት ታጠፈች። ከክምሩ ጀርባ አንድ የእህል መኪና ቆሟል። ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ሾፌር ጎማውን በእግሩ ይመታል።

«የባምባሲ ማር አለ?» አለችው።

«ዝናቡ ንቡን አባረረው። የሆሞሻ ግን ደርሷል።»

መርጋ ነው። ለሰፈራ ጣቢያዎቹ እህል የሚያመላልስ ሾፌር መሆኑን አገር ያውቃል። ከዱር ሆኖ መንግሥትን የሚወጋው ድርጅት የአሶሳ አለቃ መሆኑን የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። እነሱም «ዳቡስ» ይሉታል። እሷን ደግሞ «ሸመል»።

በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አቀበላት።

«የካሜራ መብራት ነው። ነገ ጎህ የሚሉትን ሰው በቅርብ ታነሺዋለሽ። ፊቱን በደንብ ያዢው። የበዓሉ ዕለት የሰፈራ ጣቢያው ኃላፊ ታረቀኝ ልብሳቸው አንድ የሆነ ሦስት ሰዎች መድረክ ላይ ያቆማል፤ የቱ እውነተኛው እንደሆነ ሕዝቡ እንዳይለይ። አንቺ ግን ታውቂዋለሽ። እሱ ላይ አብሪበት።»

«ከዚያስ?»

«የኛ ልጆች ግርግር ፈጥረው ያወርዱታል። ኻሚስ በሸመሉ ጫካ ዳር አህዮች ይዞ ይጠብቃችኋል።»

«ሁለታችንንም?»

«ሁለታችሁንም፣ ኦቦሌቲ፣ እህቴ።»

ሞተሩን አስነሣ። ደጊቱ በሌላው በኩል ብቅ ስትል ከባለ ጃንጥላው ጋር ፊት ለፊት ገጠሙ። ሰውየው እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ሰደደ።

ካሜራዋን ወደ ዓይኗ አነሣች።

«ጋሼ፣ ጃንጥላዎን ትንሽ ከፍ ያድርጉልኝ። ለአብዮት በዓሉ ጋዜጣ ነው።»

ፊቱን በጃንጥላው ሸፍኖ ሸሸ።

*

ያ ጊዜ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ለሁለተኛ ጊዜ መስከረምን አሶሳ ላይ የሚቀበሉበት ነበር። ሁሉም አንድ ዓይነት ካኪ ይለብሳሉ። ሁሉም በአንድ አዳራሽ ይበላሉ። በየአዳራሹ ግድግዳ ላይ ደግሞ የአንድ ሰው ፎቶ ተሰቅሏል። አገጩን ቀና አድርጎ ሩቅ የሚያይ፣ ጉንጩ የሾለ ገበሬ።

ጓድ ጎህ።

የመጀመሪያው ሰፋሪ እሱ ነው ይባላል። ጫካውን የመነጠረ፣ ነብር በእጁ አንቆ የገደለ። በአካል ያየው የለም። ድምፁ ግን በየማለዳው በየመንደሩ ምሰሶ ላይ ከተሰቀሉት ድምፅ ማጉያዎች ይወርዳል። ማታ ከሚስቱ ጋር «ወደ አገራችን እንጥፋ» ብሎ የተንሾካሾከ ሰው፣ ጠዋት ስሙን ከምሰሶው ላይ ይሰማል። «ጓድ እገሌ፣ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ጎህ ያይሃል።» ከዚያ ያ ሰው ለጥያቄ ይወሰዳል። አንዳንዱ ይመለሳል።

የደጊቱ ወንድም አልተመለሰም። ዲማ ይባል ነበር። ከመንዲ መጥቶ ጣቢያው ውስጥ የትራክተር ነጂ ሆነ። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሣህኑን ገፋ አድርጎ «ጎህ የሚባል ሰው የለም» አለ። ያችን ብቻ። ቤተሰቡ ሬሳውን እንኳ አላገኘም። ድርጅቱ ደጊቱን ሲያገኛት ለመሄድ ልመና አላስፈለጋትም፤ አሁን መታወቂያዋ ላይ ያለው ስም ብርሃነሽ ነው፣ ከአዲስ አበባ የተላከች ፎቶ አንሺ።

*

የጣቢያው ኃላፊ ታረቀኝ በሩ ድረስ ወጥቶ ተቀበላት። ጫማው የተወለወለ፣ አነጋገሩ የታረመ ሰው ነው።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ ጓድ ብርሃነሽ።»

ያ ድምፅ ነው። ወፍራም፣ ቅቤ የጠጣ ድምፅ። ጠዋት ጠዋት ከምሰሶው ላይ የሚወርደው። ዲማንም ስሙን የጠራው ይሄ ነው።

ፈገግ አለችለት። «እንኳን ደህና ቆዩኝ፣ ጓድ ኃላፊ።»

ወደ ውስጠኛው ክፍል ወሰዳት። ጠረጴዛው ላይ የሽቦ ማገናኛ ሰሌዳ አለ። ማብሪያዎቹ በየመንደሩ ስም ተደርድረዋል።

«ሰው ድምፅ ማጉያ የሚናገር ብቻ ይመስለዋል» አለ ታረቀኝ፣ ልጅ አዲስ መጫወቻውን እንደሚያሳይ። «ሽቦውን ስትገለብጪው ይሰማል።»

አንዱን ማብሪያ ጫነ። የሣህን ኳኳታ መጣ። ሳል። ከዚያ ቅርብ የሆነ የሴት ድምፅ፣ ከወሎ የመጣች ሴት ድምፅ።

«...ደግሞ ያች ቦሰና ወለደች እኮ። ወንድ። ማሽላው ዘንድሮ ቆሞልናል፤ ወፍ ካልጨረሰው። ጉልበቴን ግን አመመኝ። አንቱስ? ያ ምች ለቀቀዎት?»

«ማናት?» አለች ደጊቱ።

ታረቀኝ ሳቀ። «የወርቅውሃ ትባላለች። በየቀኑ ከፎቶው ሥር ቆማ ታወራለች። ‹ባሌ ነው› ትላለች። እብድ ተብላለች። እኛም ትተናታል፤ ትጠቅማለች።»

ለማን እንደምትጠቅም ደጊቱ የገባት ሲዞሩ ነው። ጥግ ላይ በርጩማ ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል። ጉንጩ የሾለ። አፉን ከፍቶ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ሽቦውን ያዳምጣል።

ታረቀኝ ማብሪያውን ጠቅ አደረገ። ድምፁ ተቆረጠ። ሰውየው ዓይኑን ጨፈነ።

«ፎቶውን ደህና ሆኖ ከተነሣ ነገም ይሰማታል» አለ ታረቀኝ። «አይደል፣ ጓድ ጎህ?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

ስልክ ጮኸ። ታረቀኝ ወጣ። ጠባቂው በሩ ላይ ቀረ። ክፍሉ ውስጥም ማጉያ ተሰቅሏል። ደጊቱ ካፖርቷን አውልቃ ማጉያው ላይ ጣለችበት፤ ልብስ እንደምትሰቅል ሰው።

«አገጭ ቀና!» አለች ጮክ ብላ። ከዚያ ጠጋ ብላ አንገትጌውን እያስተካከለች፣ «ጋሼ፣ ላወጣዎት ነው የመጣሁት።»

ዓይኑ አልተንቀሳቀሰም። የለመደ እስረኛ ነው።

«ማን ልኮሽ?»

«ከዱር ያሉት። ትከሻ ወደ ግራ! ስምዎ ማን ይባላል?»

ሰውየው ለመመለስ ዘገየ። ስሙን ከሩቅ ቦታ እንደሚያመጣ።

«አንለይ። አንለይ እባላለሁ። ከአውቶቡስ የወረድን ለት አንዱ ካሜራ ይዞ መጣ። ‹ቁመናህ ያምራል› አለኝ። የወደፊቱን ሲያይ ነው ይላሉ አሉ ፎቶውን። እኔኮ ደመና ነበር የማየው፤ ይዘንብ እንደሁ።»

«ነብሩስ?»

«የምን ነብር? እኔ ነብር አይቼም አላውቅ።»

«ወደዚህ ይዩ! ጥሩ! ... ድንበሩን ስንሻገር በድርጅቱ ሬዲዮ እውነቱን ይናገራሉ፣ ጋሼ። አገር ይሰማል።»

አንለይ ዓይኑን ወደ ማብሪያዎቹ መለሰ።

«ከአንዱ ግድግዳ አውርደው ሌላው ላይ ሊሰቅሉኝ ነው በይኛ።»

ደጊቱ ማንሻውን ተጫነችው።

*

ኻሚስ ከሆሞሻ ነው። ጨውና ዝንጅብል እያጋዘ ድንበሩን እንደ ጓሮው የሚመላለስ ነጋዴ። ደጊቱ የጫካውን ፎቶ ላንሣ ብላ ይለፍ ተቀብላ ሄደች፤ ከሸመሎቹ ዳር ቁጭ ብሎ አገኘችው። አንድ አህያ ሣር ትነጫለች።

«ሌሎቹስ?»

«ሌላ የለም።» ኻሚስ አማርኛን እንደ ሁለተኛ ጫማ ነው የሚጫማው፤ ይሰፋዋል፣ ግን ያስኬደዋል። «አንድ አህያ፣ አንድ ሰው። መርጋ አለኝ፣ ‹ሴት ብቻ ይመጣል› አለ። ‹ወንድ አይመጣም› አለ።»

«ሁለት ነን፣ ኻሚስ። ሽማግሌ ሰው አለ።»

«ወላሂ፣ እህቴ። እኔ ጠየቀ። ‹ሽማግሌው?› አልኩ። መርጋ ሳቀ። ‹ለእሱ አህያ አያስፈልግም› አለ።»

ደጊቱ ካሜራዋ ላይ ያለውን መብራት አየችው።

ለመስከረም ቀትር ፀሐይ ብልጭታ ማን ይፈልጋል? ፎቶ አንሺ ሆና እንዴት ይህን አልጠየቀችም? በጠራራ ፀሐይ የሚበራ መብራት ለፎቶው አይደለም። ከሩቅ ሆኖ ለሚያነጣጥር ሰው ነው።

ሊያወርዱት አይደለም።

ሊገድሉት ነው፤ በሕዝቡ ፊት። ዒላማውን የምትጠቁመው ደግሞ እሷ ናት። ከዚያ የድርጅቱ ሬዲዮ «መንግሥት ጎህን ገደለው» ይላል። ሕያው ሰው ይከራከራል፤ የሞተ ሰው የተባለውን ሁሉ ይሆናል። አዲስ ፎቶ፣ አዲስ ነብር።

«አንተ ፊትህ ጠቆረ» አለ ኻሚስ። «ኸላስ፣ በቃ፣ አሁን ሂድ። እኔ ያሻግርሃል። ነገ ምንም አታይም።»

መሄድ ትችል ነበር። ድንበሩ ቅርብ ነው። አህያዋም ጭነት የላትም።

«ነገ እዚሁ ጠብቀኝ» አለችው። «ለመርጋ ግን እንዳትነግር።»

ኻሚስ አፈር ቆንጥሮ በጣቶቹ መሐል አሸው። «መርጋ ለኔ ዋሸ። ‹ሰው እናድናለን› ነው ያለኝ። ለዋሸ ሰው አልናገርም።»

*

የበዓሉ ሜዳ ካኪ በካኪ ሆነ። ከየመንደሩ በጭነት መኪና ያመጡት ሰፋሪ በረድፍ ቆሟል። መድረኩ በቀይ ጨርቅ ተሸፍኗል። ከመድረኩ በላይ የጎህ ፎቶ፣ ከቤት የሚበልጥ።

ከመድረኩ ጀርባ ባለው ድንኳን ውስጥ ደጊቱ የአንለይን ባርኔጣ አስተካከለች። ሁለት ሌሎች ሰዎች በዚያው ካኪ ካፖርትና በዚያው ባርኔጣ ወዲያ ተቀምጠዋል። ጠባቂው ጀርባውን ሰጥቶ ሲጋራ ይለኩሳል።

«ጋሼ፣ የኛዎቹ ሊገድሉዎት ነው።»

«ይሁና።»

«መብራቱን አላበራም። ካላበራሁ አይለዩዎትም። ዝም ብለው ይቁሙና ይውረዱ።»

«ወርጄስ? ነገም ጎህ ልሆን?» አንለይ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኗን አያት። «የወርቅውሃን ሁለት ዓመት እብድ አሰኘኋት። እኔ ሽቦ ሥር ተቀምጬ፣ እሷ ለግድግዳ እያወራች። ያችን ሽቦ መበጠስ ትችያለሽ?»

«እችላለሁ። ግን ባርኔጣዎን ሲያወልቁ...»

«አውቃለሁ። ሞት እንደሁ አንድ ነው። እኔ በሬ ከገደል ማዶ ጠርቼ የማመጣ ሰው ነኝ፣ ልጄ። ማጉያ አያሻኝም። አንቺ ሽቦዋን ብቻ።»

ማርሽ ተመታ።

ሦስቱ ሰዎች ወጡ። ሜዳው ተነፈሰ። ከዚያ ድምፁ ከየምሰሶው ወረደ፤ ታረቀኝ ከጽሕፈት ቤቱ ሆኖ ይናገራል።

«ጓዶች! እኔ ጎህ ነኝ። ከመካከላችሁ ነኝ። እያንዳንዳችሁን አያለሁ...»

ደጊቱ ፎቶ እያነሣች በመድረኩ ጥግ ዞረች። ፎቶ አንሺን ማንም የት ትሄጃለሽ አይለውም። በሜዳው ዳር የእህል መኪናው ቆሟል። ጆንያዎቹ ላይ ሸራ ተጥሏል። ሸራው ትንሽ ተገልጧል።

መርጋ እዚያ ነው። ብልጭታ ይጠብቃል።

መብራቱን ከካሜራዋ ነቀለችና ጭቃው ውስጥ ረገጠችው።

ሽቦው ከመድረኩ ሥር ያልፋል። ጎንበስ አለች። ፎቶ ለማንሣት የምትመቻች መሰለች። ቢላዋዋ ወጣ።

«...ማንም ከጎህ ዓይን አያመል—»

ጸጥታ።

ሜዳው እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቶ አያውቅም። ሦስቱ ሰዎች ቆመዋል። ሕዝቡ ያያቸዋል። ካድሬዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ።

ከሦስቱ አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ።

«የወርቅውሃ!»

ድምፁ ቀጭን ነው። የተሰነጠቀ የገበሬ ድምፅ ነው። ግን ሜዳውን ተሻግሮ ከጫካው መልሶ አስተጋባ።

«የወርቅውሃ! አንለይ ነኝ! የኔታ ብሩ ልጅ አንለይ! ጎህ የሚባል አላውቅም! ነብርም አልገደልኩ! እዚያ ምሰሶ ላይ የሚያወራው ታረቀኝ ነው!»

ከመጨረሻው ረድፍ አንዲት ሴት ነጠላዋን ከራሷ ላይ ጣለች።

«አንቱ!» አለች። «ብያቸው ነበር! ብያቸው ነበር እኮ!»

ደጊቱ የቀረውን አላየችም። እየሮጠች ነበር። አሁን ብልጭታ አያስፈልግም፤ ሰውየው ራሱን አሳይቷል። በመኪናው ጎማ ላይ ወጣች። ሸራውን ገለጠች። መርጋ በደረቱ ተኝቶ ጠመንጃውን አነጣጥሯል።

አፈሙዙን በቀኝ እጇ ያዘችው።

ተኩሱ በመዳፏ ውስጥ አለፈ።

ሕመሙ ወዲያው አልመጣም። መርጋ ተገልብጦ አያት፤ ፊቱ ላይ ከቁጣው ይልቅ መገረሙ ይበልጣል።

«ምን አደረግሽ? ለወንድምሽ ደም ነበር!»

«ወንድሜን አታንሣብኝ። እሱ የሞተው የሌለውን ሰው ‹የለም› ብሎ ነው። አንተ ሌላ የሌለ ሰው ልትሠራ ነው።»

«ድርጅቱ አይምርሽም።»

«አውቃለሁ።»

ተኩሱን የሰሙ ጠባቂዎች ወደ መኪናው መሮጥ ጀመሩ። መርጋ ጠመንጃውን ጥሎ በወዲያኛው በኩል ዘሎ ጠፋ። ጠባቂዎቹ ግን መኪናው ጋ አልደረሱም። ረድፉ ፈርሶ ነበር። መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሽማግሌ መሰለኝ ይላሉ እዚያ የነበሩት። ከዚያ ሌላው። ሁለት ዓመት የታመቀ ሳቅ ሜዳውን ሞላው። ሳቁ ጩኸት ሆነ። ሕዝቡ መድረኩን አጥለቀለቀው፤ ያ ትልቅ ፎቶ ከነእንጨቱ ወደቀ። ታረቀኝ ከጽሕፈት ቤቱ እየሮጠ ሲመጣ በራሱ ድምፅ «ጓዶች!» አለ። የሰማው የለም።

«ጎህ የሚባል ሰው የለም!» ይላል ሕዝቡ። ሴቱም፣ ወንዱም፣ ልጁም።

ደጊቱ እጇን በሻሿ ጠቅልላ፣ በመኪናው ጎማ ሥር ተቀምጣ ይህን ሰማች። ዲማ ሣህኑን ሲገፋ ታያት። አለቀሰች። ከዚያ ባልና ሚስቱን ለመፈለግ ተነሣች።

ጠባቂዎቹ አንለይን ፈለጉ። ካኪ የለበሰ፣ ጉንጩ የሾለ ገበሬ ፈለጉ። ሜዳው ሙሉ ካኪ የለበሰ፣ ጉንጩ የሾለ ገበሬ ነበር። የያዙትን ሁሉ «አንለይ ነህ?» ሲሉት፣ «አዎ፣ አንለይ ነኝ» ይላል። ሌላውም። ሌላውም።

*

ፀሐይዋ ገና ሳትዘቀዝቅ ኻሚስ ከግርግሩ የሾለኩ ሦስት ሰዎች ከሸመሉ መሐል ሲወጡ አየ። ተነሣ። ደጊቱን አየ፤ እጇንም አየ።

«አህያ አንድ ነው» አለ በሐዘን።

«ለእሳቸው ነው» አለች። «ጉልበታቸውን ያማቸዋል።»

የወርቅውሃ አህያዋ ላይ አልወጣም አለች። አንለይ አንሥቶ አስቀመጣት። እዚያ ላይ ሆናም እጁን አልለቀቀችም፤ ይጠፉብኝ ይሆናል እንደምትል።

«አንቺስ፣ ልጄ?» አለ አንለይ።

«እኔ በዚያ በኩል ብሄድ የመርጋ ሰዎች አሉ። እናንተን ኻሚስ በሚያውቀው በኩል ያሻግራችኋል። ከማዶ ማንም አይፈልጋችሁም፤ ፎቶ ብቻ ነው የሚያውቁት።»

አንለይ ጎንበስ ብሎ ያልቆሰለውን እጇን ሳመው። በዚያ እድሜው ለእሷ ጎንበስ ማለቱ አሳፈራት።

«ስምሽን አልነገርሽኝም።»

ልትነግረው አፏን ከፈተች። ተወችው።

«ባያውቁት ይሻላል፣ ጋሼ። ቢይዟችሁ ያስወጡታል።»

«እግዜር ያውቀዋል» አለ።

«ኢንሻአላህ ይገናኛል» አለ ኻሚስ፣ አህያዋን እየመራ። ሸመሉ ዋጣቸው።

*

የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች አልተረፉም። ባምባሲ ያለ አንድ ጤና ረዳት ምን እንደሆነች ሳይጠይቅ ቆረጣቸው። ካሜራውን ወንዝ ውስጥ ጣለችው፤ ከዚህ በኋላ በቀኝ እጇ ማንሻ አትጫንም።

የዳቡስ ወንዝ ድልድይ ላይ ወታደሮች አውቶቡሱን አስቁመው ሴት ፎቶ አንሺ ይፈልጉ ነበር። ደጊቱ የገበሬ ቀሚስ ለብሳ፣ ዶሮ ታቅፋ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጣለች። አጠገቧ ያለች ወይዘሮ ልጇን እያጠባች ነው።

«እጅሽን ምን ሆነሽ ነው፣ እቴ?»

«ማጭድ።»

«አይ! መስከረም መጥቶ ማጭድ መያዝ... ስምሽ ማነው?»

አንድ ስም ነገረቻት። ብርሃነሽ አይደለም። ሸመልም አይደለም። እናቷ ያወጣችላትም አይደለም።

ወታደሩ በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ ሴቶቹን አንድ በአንድ አየ። ዶሮዋን አየ። ዓይኑ አለፋት።

«ሂዱ!» አለ።

አውቶቡሱ ድልድዩን ተሻገረ። ወይዘሮዋ ልጁን ወደ ሌላው ጡቷ እያዛወረች፣ አጠገቧ የተቀመጠችውን ሴት ስም ረስታው ነበር። እንደገና አልጠየቀቻትም።